ድጓው የተያዘበት ቦታ

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ይታተም ዘንድ ታዝዞ ወረቀቱ አልወጣ ሲል፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማተሚያው ነው። ይጠፋል፣ ይበራል፣ ትእዛዙ ይደጋገማል፤ ወረፋው ግን እየረዘመ ይሄዳል። ሊኑክስ ላይ ኅትመትን የሚያስተናግደው ካፕስ የተባለው ሥርዓት ሥራውን ተቀብሎ በወረፋ ያስቀምጣል፣ ማተሚያው ወደሚገባው ቋንቋ ይመልሳል፣ ከዚያ ይልካል። ማተሚያው ደኅና፣ ጽሑፉም ደኅና ሆኖ ሥራው መሸጋገሪያው ላይ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ሰው በኤልፒስታት ትእዛዝ ወረፋው የቆመበትን ይጠይቃል፣ የስሕተት መዝገቡን ያነባል፣ የተያዘውን ሥራ ሰርዞ ወረፋውን እንደገና ያስነሣል። ይህ ‹‹የት ላይ ተያዘ?›› የሚል ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ አንድ ታሪክም ይፈታል፤ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የጋይንት ድጓ ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት ሲሻገር የዘገየበትን ምክንያት።

ጋይንትና እስቴ የዜማ አገር ናቸው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ በእስቴ ያለችው ቆማም ስሟን ለአንድ የድጓ ዜማ ስልት ሰጥታለች። የቤተልሔም ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ በክብ ቤት ተሸፍኖ እንደተቀመጠ ሁሉ፣ በግራኝ ጦርነት ድጓ ከየአገሩ ሲጠፋ እዚያ ተሸሽጎ ተረፈ ተብሎ ይተረካል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከስማዳም ሆነ ከጎጃም የመጣ የድጓ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ፊደሉንም ምልክቱንም ያሳርማል። እርማቱ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ፊደሉ ቀንቶ ምልክቱ በአንድ ፊደል ቢንሸራተት ቃሉ ይነበባል፣ ዜማው ግን ሌላ ይሆናል።

ድጓ በማተሚያ የዘገየው ሊቃውንቱ አዲስ ነገር ስለማይወዱ ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። ማስረጃው ግን አይደግፈውም። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል ሮም ላይ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። ሐዲስ ኪዳንን እዚያው በ1548 እና በ1549 ያሳተመውም ተስፋ ጽዮን የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እንጂ የባዕድ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም የታተመ ዳዊት በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተደግሟል። ማተሚያ በመሆኑ ብቻ የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ዳዊትም ባልገባ ነበር። ልዩነቱ ከመጽሐፎቹ አሠራር ነው። ዳዊት አንድ መስመር ፊደል ይበቃዋል። ድጓ ግን በየመስመሩ ላይ ሁለተኛ መስመር ይሸከማል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ በእነዚህም ላይ ከድጓው ቃል እየተቆነጠሩ የተወሰዱ እጅግ ብዙ የፊደል ምልክቶች። እያንዳንዱ ከሥሩ ያለውን ፊደል ጠብቆ መቆም አለበት። እርሳስ ፊደል ለቃሚው ፊደሉን ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር ይችላል፤ ይህን ጥንድ መስመር ሳያናጋ መደርደር ግን ሌላ ሙያ ነው። ድጓው የተያዘው እዚህ ላይ ነው፤ የብራናውም የማተሚያውም ጥፋት አልነበረም።

‹‹በእጅ የተጻፈውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ማተም ይህን ፈትቶት የለም ወይ?›› ቢባል፣ እውነት ነው፣ መጽሐፉ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ያደርጋል፤ ውለታውም ትልቅ ነው። ሊኑክስ ላይም አንድ ገጽ አልታተም ሲል ወደ ሥዕል ቀይሮ መላክ የታወቀ መላ ነው፤ መሸጋገሪያው ፊደሉንና ቅርጹን ማወቅ አያስፈልገውምና። ይሁን እንጂ ሥዕል ሆኖ የወጣ ድጓ እንደ ጽሑፍ አይታረምም፣ አንድ ቃል በየት በየት እንደሚገኝ አይፈለግበትም፣ የቤተልሔምን ከቆማ ጋር አስተያይቶ ለማጥናትም ዐይንና ድካም ብቻ ይቀራል። በአንድ ምልክት ስሕተት ገጹ ሁሉ እንደገና ይጻፋል። መላው መንገዱን ይዞራል እንጂ የተያዘውን አያስለቅቅም።

መንገዱ መከፈት የጀመረው በቅርብ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ካፕስም ብቅ ያለው በዚያው ዓመት ነው። የዜማ ምልክቶቹ ግን እስከ 2005 መቆየት ነበረባቸው፤ ያን ጊዜ የገቡት ዐሥር ናቸው። እነርሱም ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ፊደላት ስለተመዘገቡ በራሳቸው ወጥተው ከፊደሉ አናት ላይ አይቀመጡም፤ ጽሑፉን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ካልሰጠ ገጹ ይታተማል፣ ምልክቱ ግን ከፊደሉ ጎን ተሰልፎ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ገጽ የቤተልሔም መምህር አያስመሰክርበትም። ስለዚህ ድጓን በኮምፒውተር የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከማተማችሁ በፊት ይዛችሁ ወደ ጋይንት ሂዱና ከመምህራኑ ፊት አሳርሙት።