ከግርጌ የታየ ቋንቋ

ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር፣ በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ከተላከላቸው ሰዎች እጅ ሳይገቡ የቀሩ 38 ሺህ ገደማ የደችኛ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው መባቻ ድረስ እንግሊዝና ኔዘርላንድስ ጦር በተማዘዙ ቁጥር የእንግሊዝ መርከቦች የኔዘርላንድስን መርከብ ሲማርኩ፣ ከጭነቱ ጋር የፖስታ ከረጢቱንም ይዘው ይሄዱ ነበር። የባሕር ፍርድ ቤቱ ምርኮው ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ለማጣራት ማስረጃ ስለሚሻ፣ ወረቀቱን ቅንጣት ሳይጥል አስቀመጠው። የመርከበኛ ሚስት ለባሏ የላከችው ደብዳቤ በዚህ ሰበብ ከ300 ዓመት በላይ በጠላት አገር ሣጥን ውስጥ ከረመ።

ባልየውን ምን እንደነካው ባይታወቅም የቋንቋ ሊቃውንት ግን ተጠቅመዋል። ከደብዳቤዎቹ 15 ሺህ ያህሉ የግል ናቸው፤ ከባለጠጋ ነጋዴ አንሥቶ መቅዘፊያና መጋዝ እንጂ ብዕር እምብዛም እስከማይጨብጠው ሰው ድረስ ያለውን ሁሉ ያካትታሉ። የላይደን ዩኒቨርሲቲ በማሪከ ቫን ደር ዋል መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ያጠናቸው «ብሪቨን አልስ ባውት»፣ በእኛ አነጋገር «ምርኮኛ ደብዳቤዎች» በሚል ስም ነው።

ጥናቱ የተከተለው መንገድ በጀርመንኛ «ሽፕራኽገሺሽተ ፎን ኡንተን» ይባላል። በ2005 ባወጣው መጽሐፍ ሐረጉን በሰፊው ያስተዋወቀው ሽቴፋን ኤልሽፓስ ነው፤ እሱም የመረመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ተራ ጀርመናውያን የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ነበር። ሐረጉ ቃል በቃል ሲመለስ «የቋንቋ ታሪክ ከታች» ይሆናል። ነገር ግን «ከታች» አማርኛ ላይ ሲወርድ ጸሐፊዎቹን ያሳንሳል፤ «የበታች» የሚለውም ቅርብ ነው። «የቋንቋ ታሪክ ከግርጌ» ቢባል ይሻላል። አማርኛ ራስጌና ግርጌ የሚል ጥንድ አለውና፦ አልጋው ያው አንድ አልጋ ነው፣ የሚለያየው ሰው የተቀመጠበት ጫፍ ነው። «የግርጌ ማስታወሻን» ያስታውሳል የሚል ቢኖር፣ ያስታውስ! እነዚህ ሰዎች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ካገኙም ያገኙት እዚያ ነበር።

ከራስጌ ሲተረክ የደችኛ ታሪክ ጥርት ያለ ነው። በ1584 ደ ኤግላንቲር የተባለ የአምስተርዳም የሥነ ጽሑፍ ማኅበር የመጀመሪያውን የታተመ የደችኛ ሰዋስው አወጣ፤ በ1637 በመንግሥት ትእዛዝ የተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፤ በ1804 የላይደኑ ፕሮፌሰር ማቲያስ ሲገንቤክ የመጀመሪያውን ኦፊሴላዊ የፊደል አጻጻፍ ደንብ አዘጋጀ። በኋላ መደበኛው ቋንቋ «አጠቃላይ የሠለጠነ ደችኛ» ተባለ። ታዲያ ከዚህ ውጭ የሚናገረው ሰው ምን ሊባል ነው? ኋላ ላይ «የሠለጠነ» የሚለው ቃል ከስሙ መውጣቱ አያስገርምም።

ሰዋስው ሠሪዎቹ ያገኙትን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን መፍጠርም ያውቁ ነበር። ክሪስቲያን ቫን ሄውለ በ1625 «ሄን» እና «ሁን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለየብቻ ሥራ ሰጣቸው፤ አንደኛው «እነሱን»፣ ሁለተኛው «ለእነሱ» እንዲሆን። ሐሳቡ ከላቲን የተቀዳ ነው፤ በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት አልነበረም። ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባውን ይህን ልዩነት የደች ተማሪ እስከ ዛሬ በቃሉ ያጠናዋል፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳተዋል።

አሁን ወደ ግርጌው። የድሮ ደችኛ አሉታን የሚገልጸው ከግሡ ፊትና ኋላ በሚቆሙ ሁለት ቃላት ነበር፦ «ኢክ ኤን ዌት ኒት»። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ «አላውቅም» ሲል እሱም ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ያስገባል። ዛሬ ደቾች «ኤን»ን ጥለው «ኢክ ዌት ኒት» ይላሉ። ለውጡ መቼና የት ሆነ? በ1637ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን ቃላት በብዛት በአንድነት ስለሚያገኝ ገና አልተነካም ይል ይሆናል። በ1660ዎቹና በ1670ዎቹ የተጻፉት ደብዳቤዎች ግን ሌላ ያሳያሉ፤ ሰሜን ሆላንድ «ኤን»ን መጣል ሲጀምር ደቡቡ ዜላንድ የሙጥኝ ብሎ ቆይቷል። በ1780ዎቹ ደብዳቤዎች «ኤን» ብርቅ ሆኗል። በቤልጂየም ምዕራብ ፍላንደርስ ቀበልኛ ግን ዛሬም ቅሪቱ ይሰማል።

የደብዳቤዎቹ አጀማመር ደግሞ ለአማርኛ አንባቢ ዘመዱ ነው። እኔ በሕይወትና በጤና አለሁ፣ እናንተም እንዲሁ እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ፣ ሌላ ከሆነ ግን ከልቤ አዝናለሁ፤ ይህ ቃል ከደብዳቤ ደብዳቤ ይደጋገማል። «ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» እያለ ያደገ ትውልድ ፈገግ ሳይል አያልፈውም። ቫን ደር ዋልና የሥራ ባልደረባዋ ኬይስበርት ሩተን እንዳሳዩት፣ በዚህ የተሸመደደ ቃል ይበልጥ የሚደገፉት መጻፍ ያልለመዱት ናቸው። ብዕር ላልለመደ እጅ ምርኩዝ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበር። በፖስታ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ደብዳቤ ጻፊን የሚያውቅ ሰው ችግሩን ቀድሞ ይገምተዋል፦ በሚስትየዋ ስም የተላከው ደብዳቤ በእጇ የተጻፈ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የእጅ ጽሑፉን ከፊርማው፣ ከላኪዋ ሌሎች ደብዳቤዎችና ከሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ጋር ያመሳክራሉ። አንድ ዓይነት እጅ በሁለት የተለያዩ ላኪዎች ስም ከተገኘ ቢያንስ አንደኛው በጸሐፊ ያስጻፈው ነው። ያኔ «ኤን» መኖሩ ወይም አለመኖሩ በላኪዋ ዕድሜ፣ ጾታና የኑሮ ደረጃ አይቆጠርም።