የአባቶቻችን ምላጭ

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ አባቶቻችን በመተማ ተሻግረው ካርቱም ሲገቡ የያዙት ዕቃ ጥቂት ነበር። ከአንዳንዶቹ ኪስ ግን ታጣፊ ምላጭ አልታጣም። እኛ የዴም ልጆች በጨርቅ ተጠቅልላ እናያት ነበር እንጂ ከየት እንደመጣች አንጠይቅም ነበር። መልሱ ከስለቱ ሥር በተመታው ማርካ ላይ አለ። «ዞሊንገን» ካለ የጀርመን ነው፤ ሌላ እንዳይነግድበት ስሙ በ1938 እ.ኤ.አ. በሕግ ተጠብቋል። «ሼፊልድ» ካለ የእንግሊዝ ነው። ጂሌት በ1904 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው ተቀያሪ ምላጭ የተነሳ ታጣፊው ቀስ በቀስ ከየቤቱ ወጣ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎቻችን ቤታችንን ከነዕቃው ትተን ወጣን። ምላጩን ያተረፋችሁ ወገኖች፣ አደራ፣ በሞተር ለሚስል ሰው አትስጡ! ግለቱ የብረቱን ጥንካሬ ይገድላል፣ ማርካውንም ይበላዋል። ዝገቱን በስፌት መኪና ዘይት አርሶ፣ ማርካውን ሳይነኩ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ሲሳል ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ ስለቱ ይቀድማል። ቆዳ ላይ ሲለሰልስ ግን ጀርባው ይቀድማል፤ አለዚያ ቆዳው ይቆረጣል። ስለቱ የተሰነጠቀ ምላጭ ፊት አይነካም፤ ዘይት ቀብቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።