እንዶድና ሳሙና፤ የአንድ ቍጥቋጦ ታሪክ

ስለ ታሪክ በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታትንና ጦርነትን፤ ግንብንና ዘውድን ነው። ጎንደርም ቅርባችን ስለ ሆነች የአፄ ፋሲል ግንብ ከሐሳባችን አይጠፋም። ነገር ግን በዚያ ግንብ ውስጥ ይለበስ የነበረው ነጭ ሸማ በምን ታጥቦ ይነጣ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ እምብዛም አይገኝም። እኛም ይህን ትንሽ የሚመስል ጥያቄ አንሥተን፤ ከእናቶቻችን የእጥበት ድንጋይ ተነሥቶ እስከ ዓለም የሳይንስ ሸንጎ የደረሰውን የእንዶድን ታሪክ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፤ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን እየወረዱ የሚያጠጡት ለም አገር ነው። ከተማችን ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ናት። አገሩ ከጥንት ጀምሮ በፎገራ ከብት፤ ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዝ የታወቀ ነው። ለሁለቱም መሠረታቸው ውሃ ነው። ልብስ የሚታጠበው፤ ከብት የሚጠጣው፤ ልጆች የሚዋኙት በዚሁ ውሃ ነው። የጣና ዓሣም በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ እየወጣ እንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ ከየቤታችን ወጥቶ ወደ ወንዝ የሚወርደው እጣቢ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

የፋብሪካ ሳሙና በየገበያው ከመስፋፋቱ በፊት የሀገራችን ሰው በእድፍ ይኖር ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። እናቶቻችን ለያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ማጽጃ ነበራቸው። ድስት በአመድ ይፈተጋል። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል። የወተት ዕቃ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱም መዓዛ ከመስጠቱ በላይ ወተት የሚያበላሹትን ጥቃቅን ሕዋሳት ያዳክማል። ለልብስ ግን ዋናው እንዶድ ነበረ።

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፤ በአጥር ጥግና በቤት ጓሮ የሚበቅል፤ እንደ ሐረግ የሚንጠለጠል ቍጥቋጦ ነው። ፍሬው ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥም ነጭ አረፋ ያወጣል። ሸማው፤ ጋቢውና ነጠላው በዚህ አረፋ ተነክሮ በድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም በወራጅ ውሃ ተለቅልቆ በሣር ላይ ይሰጣል። ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለበሰው ነጭ ልብስ ለብዙ ትውልድ የነጣው እንደዚህ ነው።

የአረፋው ምሥጢር በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን የሚለው ስም ሳሙናን ከሚጠራው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፤ የእኛም «ሳሙና» ከዐረብኛው «ሳቡን» ጋር ዘመድ ነው። የሳፖኒን ቅንጣት አንዱ ወገኑ ከውሃ፤ ሌላው ወገኑ ከቅባት ጋር ይስማማል፤ በዚህም እድፉን ከጨርቁ አላቅቆ ለውሃው ያስረክባል። የፋብሪካ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ እናቶቻችን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይከፍቱ በኬሚስትሪ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአሜሪካ ትምህርታቸውን ፈጽመው በተመለሱ ጊዜ፤ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ይመረምሩ ነበር። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 በካይሮ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ የተፈለፈለው ነፍሳት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የሚበረታውም በሚዋኙና ውሃ በሚቀዱ ልጆች ላይ ነው። በጣና ዳርቻም የሚታወቅ በሽታ ስለ ሆነ፤ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያለው ቀንድ አውጣ በብዛት ሞቶ ተገኘ፤ ከስፍራው በላይ ያለው ግን በሕይወት ነበረ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው የእንዶድ እጣቢ ቢጨምሩባቸው ወዲያው ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አለፈ! የሞተውን ቀንድ አውጣ ያየው ብዙ ነበር፤ «ስለ ምን ሞተ?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድ ሰው ሆነ። ግኝቱም በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1966 በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የበሽታው መጠን ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ሳይንቲስቱ ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዝርያዎች እያወዳደሩ የተሻሉትን መረጡ፤ ከነሱም ቁጥር 44 የተባለው በኃይለኛነቱ ታወቀ።

ነገር ግን መንገዱ ቀና አልነበረም። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ከውጭ የሚመጣው የፋብሪካ መድኃኒት ውድ ነበር፤ በድኻ አገር የሚበቅል ቍጥቋጦ ይተካዋል የሚለውን ሐሳብም በዓለም አቀፍ የጤና ባለ ሥልጣኖች ዘንድ በቀላሉ የተቀበለው አልተገኘም። የመርዛማነቱ ምርመራ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንደ ገና ይደረግ ተባለ፤ ለዚህም ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን አገር የሚሰጠውን፤ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፤ የፋብሪካ ቱቦ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ስለ ታወቀ የፓተንት መብት አወጣበት። ስለዚህም የሀገር ዕውቀት ባለቤቱ ማን ነው የሚል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? «የቀድሞው ሁሉ ይሻላል፤ ሳሙና ይቅር» ማለታችን አይደለም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው ቢጠጣው ይጎዳል፤ በዓይን ቢገባም ያቃጥላል። ስለዚህ እጣቢው ዓሣ በሚራባበት በጉማራና በርብ ውስጥ እንዲደፋ አንመክርም። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለበትም ማለት ስሕተት ነውና። ደግሞም የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ብዙ ሕይወት ያድናል፤ በረኪናም በተላላፊ በሽታ ጊዜ ውሃንና ዕቃን ለማጽዳት ያስፈልጋል።

እኛ የምንለው የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው እንለይ ነው። አመድ ለሚበቃው ድስት የዱቄት ሳሙና በጭብጥ መበተን ምን ይጠቅማል? የሎሚ ቁራጭ ለሚያስለቅቀው ዝገትና ሽታስ ጠርሙስ ሙሉ ኬሚካል መግዛት ለምን ያስፈልጋል? በአንዳንድ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፌት ከማዳበሪያው ጋር ወደ ሐይቅ ሲገባ የውሃ አረምን ይመግባል፤ ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ እምቦጭ የተባለው አረም ያደረሰውን ጉዳት የፎገራ ዓሣ አጥማጅና ከብት አርቢ ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር በየቤቱ ይታወቅ፤ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር የደባለቀ ሰው ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሁለቱ እያንዳንዳቸው ያጸዳሉ ማለት አንድ ላይ ሲሆኑ አብልጠው ያጸዳሉ ማለት አይደለም።

ወላጆች ሆይ! የምታውቁትን አትናቁብን፤ ንገሩን። በየትኛው ቅጠል ምን ዕቃ እንደሚታጠብ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታጠን፤ የትኛውም እንደሚጎዳ አስተምሩን። መምህራን ሆይ! ይህን ዕውቀት በቤተ ሙከራ እንድንፈትነው ምሩን። የሚጸናውን እንያዝ፤ የማይጸናውን እንተው።

ወጣቶች ጓደኞቻችን ሆይ! ዶክተር አክሊሉ ወደ አድዋ ወንዝ ይዘው የሄዱት ትልቅ መሣሪያ አስተዋይ ዓይን ነበረ። ርብና ጉማራም በደጃችን ይፈሳሉ። በዳራቸው የሚበቅለውን ቅጠል፤ በውስጣቸው የሚኖረውን ፍጥረት እየተመለከተ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከመካከላችን ይነሣ ዘንድ ምኞታችን ነው።