ፀሐይን በጎተራ፤ ስለ ፎገራ ሜዳና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋጋ

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲሉ የዘመድን ክብር ማቃለላቸው አልነበረም፤ የረዳት ዋጋ የሚመዘነው በችግር ሰዓት በመድረሱ መሆኑን ማስተማራቸው ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚደረገው ሒሳብ ግን ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። በቆጣሪ የሚነበበው አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በስንት ብር ይመረታል ተብሎ ይጠየቃል፤ በየትኛው ቦታና በየትኛው ሰዓት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። እኛም ይህንኑ ጥያቄ በወረታ ከተማ ዙሪያ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ መነሻነት ከታሪክ ጋር ልንመረምረው አስበናል።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፥ ፎገራን አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። በዚህ ውሃ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራውን ጀምሮ ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል ሰጠ። በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ በ73 ሜጋዋት፥ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ በ460 ሜጋዋት ተከተሉ። እንግዲህ ጣና በክረምት የገባለትን ውሃ ለበጋ የሚያቆይ ታላቅ የኃይል ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጎተራው በደጁ ሳለ፥ ከመሥመር ርቆ የሚኖረው የፎገራ ገበሬ ማታ በኩራዝ ሲያመሽ፥ በበጋም ሽንኩርቱን በነዳጅ ሞተር ሲያጠጣ ኖሯል። ምክንያቱም ለማስተዋል አያስቸግርም። በሰማይ ላይ የሚያልፈው ከፍተኛ መሥመር የኃይሉን ግፊት የሚቀንስ ጣቢያ፥ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ካልተከተለው በቀር ከሥሩ ላለው ጎጆ አይጠቅምም። ቤቶቹም ተራርቀው የተሠሩ እንደ ሆነ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ወጪ ይበዛል። ስለዚህ በግድቡ ዘንድ ርካሽ የነበረው ኃይል ከገበሬው ደጃፍ ሲደርስ ውድ ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ አይደርስም።

ፀሐይን በየቤቱና በየማሳው ለሥራ የማዋል ሐሳብ ትናንት የተወለደ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያስገኝ በ1839 አሳየ። ሌላው ፈረንሳዊ ጋስቶን ፕላንቴ ኃይል ተሞልቶ የሚቀመጥበትን የእርሳስ ባትሪ በ1859 ሠራ። በ1913 ደግሞ አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን በካይሮ አጠገብ በማዲ፥ ከእኛው ተራሮች የወረደውን የዓባይን ውሃ በፀሐይ ሙቀት በሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ወደ እርሻ ቀዳ። ሆኖም በማግሥቱ የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ሥራውም ተቋረጠ። በ1954 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ የሚሆነውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊከን ሰሌዳ አወጡ። የዚህ ዓይነቱ ሰሌዳ ዋጋ በጣም ከፍ ያለ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ያገለገለው ለሰው ሠራሽ ሳተላይት ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ግን ዋጋው በ90 በመቶ ገደማ ስለ ወረደ ለገበሬው ደጃፍ ቀረበ።

በአገራችንም በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ አንዲት መንደር 10.5 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ተተክሎላት 300 ያህል ቤቶች ብርሃን አግኝተዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላም ለውሃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎዋት ከፍ ተደርጎ ነበር። በሰሜን ሸዋም በሬማ ከ2,000 በሚበልጡ ቤቶች መብራት ሲገባ፥ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አብሮ ተከፈተ። ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው አያንስም፤ ዕቃውን የሚጠግን እጅ በአጠገቡ ከሌለ ሰሌዳው የጣሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራልና።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ክረምት ሲያልፍ ሩዙ ይታጨዳል፤ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ውሃ ያገኘ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ውሃ እጅግ የሚፈለገው ከኅዳር እስከ ግንቦት ሲሆን፥ ፀሐይም የምትበረታው በእነዚሁ ወራት ነው። በ300 ዋት ሰሌዳ ላይ ሙሉ ፀሐይ ለ5 ሰዓት ብታርፍበት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ጉድጓዱ 5 ሜትር ቢጠልቅና ከኃይሉ 40 በመቶው ብቻ ለሥራ ቢውል፥ በዚህ ኃይል 44 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይወጣል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል ብንል 50 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። እንግዲህ ማሳው ግማሽ ሄክታር ለሆነ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነዳጅ በተወደደ ወይም በጠፋ ጊዜ ሰብሉን ከመድረቅ ያድንለታልና።

ክምችቱም ሁለት ዓይነት ነው። ለማሳው ውሃውን ከፍ ባለ ገንዳ ማጠራቀም ይበቃል፤ ገንዳ እንደ ባትሪ በጥቂት ዓመት አይደክምም። ባትሪ የሚያስፈልገው ለማታ ነው። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ቢበሩ የሚጨርሱት 100 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ለተማሪው ጥናትና ለጤና ኬላ ግን ይህች ጥቂት ኃይል ቀን ከሚባክነው ብዙ ኃይል ትበልጣለች። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል፤ ወንዞቹም ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ አይረሳም፤ ስለዚህ ባትሪውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ለደመና ቀን የሚተርፍ ክምችት መያዝ ከሒሳቡ መግባት አለበት።

ይህን ስንል ዋናው መሥመር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ ብርቱ ኃይል ይሻሉ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ኃይልም ለእንደዚህ ያለ ሥራ ነው። መንግሥት በ2019 ያሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም እስከ 2025 ለሕዝቡ ሁሉ ብርሃን ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በመሥመር፥ 35 በመቶውን ከመሥመር ውጭ በሆነ ኃይል እንዲሆን ወስኖ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

ስለዚህ ዋጋ የሚተምነው ባለሥልጣን ሁለቱን ኃይሎች በአንድ ሚዛን አያስቀምጣቸው። የግድቡን ኃይል በብዛቱ፥ የማሳውን ኃይል ደግሞ ባዳነው ሰብልና ባስቀረው የነዳጅ ወጪ ይመዝን። መምህራንም ይህንኑ ሒሳብ ለተማሪዎቻቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሠሯቸው መልካም ነው። ሒሳቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ምሰሶው እስኪመጣ የሚጠብቀው ገበሬ የልጁን ዕድሜ ጨምሮ ይጠብቃልና።