የሥራ መርሐ ግብር ፋይልና ቋሚ ሥፍራው፤ አጭር ታሪክ

ሥራን በተወሰነለት ሰዓት ማስጀመር ከደወል ጋር ለኖረ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በኮምፒዩተርም ይህንኑ ተግባር የሚያከናውን ክሮን የተባለ ፕሮግራም አለ። ክሮን በየደቂቃው መርሐ ግብሩን እየተመለከተ፣ ሰዓቱ የደረሰውን ሥራ፣ ለምሳሌ የተማሪዎችን ውጤት መዝገብ መገልበጥን፣ ያለ ሰው ትእዛዝ ያስጀምራል። ይሁን እንጂ መርሐ ግብሩ የተቀመጠበትን ሥፍራ የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ በተዛወረ ጊዜ ሥራውን የሚቆጣጠር አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ችግር ለማቃለል የወጡትን ደንቦች ታሪክ ባጭሩ ማቅረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም መርሐ ግብሩ በሙሉ የሚሰፍረው «/ዩኤስአር/ሊብ/ክሮንታብ» በተባለ አንድ ፋይል ነበር። በ1980ዎቹ ሲስተም ፋይቭ የተባለው ዩኒክስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ መርሐ ግብር እንዲኖረው አደረገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊነክስ በልዩ ልዩ አዘጋጆች እጅ ሲሠራጭ ግን የፋይሎች አቀማመጥ ከአዘጋጅ አዘጋጅ ይለያይ ጀመር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1994 የፋይሎችን ሥፍራ የሚወስን የጋራ ደንብ ወጣ። የዚሁ ደንብ ተከታይ በሊነክስ ክፍሉ ለክሮን ሥራዎች «/ቫር/ስፑል/ክሮን»ን መደበ። መሠረተ ሐሳቡም በአስተዳዳሪው የሚጻፈው ቋሚ መመሪያ በ«/ኢቲሲ»፣ በየጊዜው የሚለዋወጠው ደግሞ በ«/ቫር» ይቀመጥ የሚል ነው። ፖሲክስ የተባለው ደንብ በበኩሉ የትእዛዙን ስምና የመስመሩን አጻጻፍ ወስኖ የፋይሉን ሥፍራ ለአዘጋጆቹ ተወው። ስለዚህ ዛሬም ደብያን ፋይሎቹን «ክሮንታብስ» በተባለ ንዑስ ማኅደር ሲያስቀምጥ፣ ሬድ ሃት በቀጥታ በ«/ቫር/ስፑል/ክሮን» ሥር ያኖራቸዋል።

እነዚህ ደንቦች ለአገራችን አቆጣጠር የሰጡት ቦታ የለም። ነገሩ በምሥራቅ አዲስ አበባ ጎልቶ ይታያል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ሥራ የሚመራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የዚያ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከአጥሩ ውጭ በቦሌና በየካ ያሉ ትምህርት ቤቶች ግን ደወላቸውን የሚደውሉት በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። አንድ መምህር ከጧቱ 2 ሰዓት ለማለት በክሮን የሰዓት ረድፍ «2» ቢጽፍ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት የተሞላው ኮምፒዩተር ሥራውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል፤ ትክክለኛው ቁጥር «8» ነው። የወሩም ረድፍ ከ1 እስከ 12 ብቻ ስለሚቀበል ለጳጉሜን የሚሆን ቁጥር የለም። በኢትዮጵያ ወር መባቻ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ክሮን በየቀኑ እንዲያስጀምረው አድርጎ፣ ቀኑ መባቻ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያጣራ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሥራ መርሐ ግብር የሚቀመጥበት ሥፍራ ለሁሉም የታወቀ መሆን አለበት። ስለሆነም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የፋይሉን ሥፍራ፣ የሚሠራውን ሥራና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፎ በመዝገብ ቤቱ ቢያኖር፣ ተተኪው ሠራተኛ ሥራውን ሳይቋረጥ ሊረከብ ይችላል።