የአይጠየፍ ግብር

ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው አይጠየፍን መጀመሪያ ያየበትን ቀን አያስታውስም፤ ሁልጊዜ ያየዋልና። እኛም እንደዚያው ነበርን። አንደኛ ደረጃ ሳለን መምህራችን በሰልፍ ይዘውን ወጡ፤ «ይህ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ነው፤ ደኻ ሀብታም፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰው ሁሉ የበላበት ነው፤ ስሙም ስለዚህ ነው» አሉን። ቆሏችንን እዚያው ቆርጥመን ወረድን። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ቀና ብለን እንኳ አላየነውም። ዘንድሮ ግን ሁለት የደሴ ልጆችና አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሆነን እንደገና ወጣን። ለዚህ ያበቃን የአዲስ አበባ ጉዞ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድነት ፓርክን አየን። ያ ግቢ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራ ሰው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ እርምጃውን የሚያፈጥንበት ነበር። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ለጎብኚ ተከፈተ። መከፈቱ ደግ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ከሚታዩት ቤቶች አንዱ የምኒልክ የግብር አዳራሽ ነው፤ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ የሚበላበት የነበረው። ሰው ይገባል፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ወደ አንበሶቹ ይሄዳል። እኛም እንደዚሁ አደረግን፣ አናብልም። ከመካከላችን አንዱ ግን በር ላይ ቆም ብሎ «ኧረ እናንተ፣ ይሄ እኮ የኛ አይጠየፍ ነው!» አለ። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

የአይጠየፍ ባለቤት ታሪካቸው ረጅም ነው። ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግሥት፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ነበሩ። ራስ ሆነው የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በልጃቸውም ዘመን፣ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ እዚሁ ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ቁጠሩት፤ ዘውድ ጭነው ግብር ያበሉት ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያን ያህል አጭር ዘመን ይህን ያህል ረጅም ስም ማትረፉ ያስገርማል።

ለመሆኑ ግብር ምንድነው? በአማርኛችን ገባሩ ለጌታው የሚያገባው እህል፣ ማርና ከብት ግብር ይባላል፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ቋንቋው አልተሳሳተም፤ ያው አንዱ ነገር በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣል። አጋፋሪው በሩን ይዞ ሰዉን በማዕረጉ ያስገባል፤ መኳንንቱ ወደ ዙፋኑ ቀረብ ብለው ይቀመጣሉ፤ እነሱ ሲነሡ ወታደሩ፣ ከወታደሩ ኋላ ሌላው ይተካል። ብርንዶው በሰው ትከሻ ይዞራል፤ ጠጁ ይቀዳል። ወሎ ነውና የእስላሙም የክርስቲያኑም ሥጋ ለየብቻ ይታረድ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ያምራል። ግን ማን ፈጨው? ማን ጋገረው? ማሩንስ ከየት ቀበሌ፣ በማን ጫንቃ አመጡት?

የኮምቦልቻው ጓደኛችን አያት የቃሉ ሰው ናቸው። አይጠየፍን ልናይ መሆኑን ስንነግራቸው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ከኛ ቤት አይጠየፍ ገብቶ የበላ የለም፤ ያበላ እንጂ! የኔ አያት ማር ተሸክሞ ሐረጎን በእግሩ ወጥቶ፣ አስረክቦ፣ በዚያው ቀን ወረደ አሉ» አሉን። ቡናውን ከቀዱልን በኋላ ደግሞ «ማድ ቤቱንስ ያሳያሉ?» ብለው ጠየቁን። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ነን ባዮች ይህ ጥያቄ በሐሳባችን ውል ብሎ አያውቅም ነበር።

ወሎ ደግሞ ግብርን ከረኃብ ለይቶ ማውራት የማይቻልበት አገር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ የወደቀው በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በ1965 በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ያን ያደረገው ለራሱ ጉዳይ ነው፤ በመስከረም 1977 ዐሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ እየተራበ ነበርና። ቢሆንም የበላውንና ያልበላውን ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት የሚያስከፍት ነገር አለው። ባየነው የግብር አዳራሽ ውስጥ ያ ጎን ለጎን የለም። የበላው ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ደሴ። ቱሪስት ደሴን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በምሳ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ፣ በልቶ ወደ ላሊበላ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ በተያዘችበት ሰሞን የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ስለዚህ «የሚታይ ነገር ይኑረን፣ እንግዳም ይምጣ» የሚለው የከተማው ሰው ምኞት ይገባናል። እንጀራም ነው። በስፔን አልሐምብራ የሚባለውን ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው ቲኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ይጻፍለታል፤ ካለፈው አይገባም፤ ሕዝቡ ያን ያህል ነው። እኛ ከዚያ በጣም ሩቅ ነን። ሩቅ መሆናችን ግን ለአንድ ነገር ይጠቅመናል፤ ገና ምን እንደምናወራ ልንመርጥ እንችላለን። ሕዝቡ ከመጣ በኋላ ወሬውን የሚቆርጠው የአስጎብኚው ሰዓት ነው።

አይጠየፍ የወጣን ዕለት ጭጋግ ነበር። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ አዳራሹ ግን በልጅነታችን ካየነው አነሰብን፤ አድገን መሆን አለበት። ሁለት ወጣቶች ስልክ ዘርግተው ራሳቸውን ያነሣሉ። አንድ ሰው ቀርቦ «እናንተም ለቲክቶክ ነው?» አለን። ለጽሑፍ ነው አልነው፤ ደስ አላለውም፣ ወይም አላመነንም። ስለ ንጉሥ ሚካኤል ጥሩ አድርጎ ነገረን፤ ስለ ሰገሌ ሲያወራ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ፤ ሰውየው ያውቃል። በመጨረሻ የሴትዮዋን ጥያቄ ጠየቅነው።

«ማድ ቤቱ የት ነበር?»

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ እጁን ወደ አዳራሹ ጀርባ፣ ሣሩ ወደ በዛበት፣ ዘረጋ አደረገ። «እዚያ ይሆናል» አለ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

አብሮን ሄዶ አየ። አራታችንም ሣሩ ላይ ቆመን ጥቂት አፈላለግን፤ ከዚያ ዝናቡ መጣና ወደ አዳራሹ ሮጥን።