የነዋሪዎች የጋራ መጠጥ ቤት፦ አዲስ ስም ለገጠር ፐብ

እንግሊዝ አገር «ኮሚኒቲ ፐብ» የሚባለው የመጠጥ ቤት ዓይነት በአማርኛ ገና የረጋ ስም የለውም። እኔ «የነዋሪዎች የጋራ መጠጥ ቤት» ቢባል እመርጣለሁ። «የማኅበረሰብ መጠጥ ቤት» ማለትም ያስኬዳል፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ፣ ማለትም የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ያድበሰብሰዋል። «መሸታ ቤት» ደግሞ ጨርሶ አይስማማውም። የእንግሊዝ ገጠር ፐብ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እሑድ ምሳ የሚበላበት፣ ተራራ ሲወጣ የዋለ መንገደኛ ጭቃ በነካው ጫማው ገብቶ እሳት የሚሞቅበት ቤት ነው።

የነዋሪዎች የጋራ መጠጥ ቤት የሚባለው የመንደሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውና በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የገዙት ፐብ ነው። ብዙ አክሲዮን የያዘም ጥቂት የያዘም ድምፁ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ማኅበሩ ሕንጻውን ይይዝና ሥራውን ሙያው ላለው ተከራይ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካምብሪያ የምትገኘው የሄስኬት ኒውማርኬት መንደር ሰዎች «ኦልድ ክራውን» የተባለውን ፐብ በዚህ መንገድ ገዙ፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አዋጥተዋል። ከቤቱ ጀርባ ያለው ቢራ መጥመቂያም ከዚያ ቀደም ብሎ በኅብረት ሥራ ተይዞ ስለነበር ቢራው ከጓሮ ነው የሚቀዳው።

በሰሜን ዮርክሻየር፣ በሪችመንድ ከተማ አቅራቢያ ያለችው ሃድስዌል ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ታሳያለች። የመንደሯ ብቸኛ ፐብ «ጆርጅ ኤንድ ድራጎን» እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘጋ። ነዋሪዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ገዙትና በ2010 ከፈቱት። ሲከፍቱት ግን ቢራ ብቻ አላሰቡም፤ ትንሽ ሱቅና ቤተ መጻሕፍት ጨመሩበት፣ ከጀርባው ያለውን መሬትም አትክልት ለሚያለሙ ነዋሪዎች ሸነሸኑት። የስዌልን ሸለቆ ቁልቁል በሚያሳየው በረንዳ ላይ ምሳ የሚበላ እንግዳና ወተት ሊገዙ የመጡ አዛውንት በአንድ በር ይገባሉ። ካምራ የተባለው የቢራ ጠጪዎች ማኅበር ቤቱን የ2016 የአገሪቱ ምርጥ ፐብ ብሎ ሸልሞታል።

ዘላቂ ቱሪዝም ሲባል ብዙ ሰው ፕላስቲክ መቀነስና መብራት መቆጠብን ያስባል። እነዚያም ያስፈልጋሉ። ለገጠር ፐብ ግን መለኪያው ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ በጥር ብርድ፣ አንድም ጎብኚ በሌለበት ማክሰኞ ማታ፣ ቤቱ ለማን ክፍት ነው? ባለንብረቱ ሩቅ ከተማ ያለ ኩባንያ ከሆነ፣ ጎብኚው በበጋ የሚከፍለው ገንዘብ ከኪራዩ ጋር ከመንደሩ ይወጣል፤ ቤቱ አላዋጣ ያለ ዕለትም ተሽጦ መኖሪያ ይሆናል። ባለቤቱ ነዋሪው ከሆነ ግን የበጋው ገቢ ጣሪያ ያስጠግናል፣ የክረምቱን ሱቅ ይደጉማል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉም ነዋሪዎችን አግዟል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት ነዋሪዎች ፐባቸውን ለሕዝብ የሚጠቅም ንብረት ብለው ሊያስመዘግቡት ይችላሉ። የተመዘገበ ቤት ለገበያ ሲቀርብ እንገዛለን ካሉ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ እስከ ስድስት ወር ፋታ ያገኛሉ። ባለንብረቱ ለእነሱ እንዲሸጥ ግን አይገደድም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።

የእኛም አገር ለሐሳቡ እንግዳ አይደለችም። በላሊበላ አካባቢ፣ በመቄት፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእግር ተጓዥ ማረፊያዎች ተመሳሳይ መንገድ ሲከተሉ ቆይተዋል።

ብሪታንያ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ወደ ገጠር ስትወጡ ምግባችሁን ከከተማ ቋጥራችሁ፣ መኪና ብቻ አቁማችሁ አትመለሱ። የመንደሩ ፐብ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የነዋሪዎቹ ከሆነ ምሳችሁን እዚያው ብሉ፤ አልኮል የማይቀምስም ሻይና ቡና አያጣም።